ሚሽን ለምትሄዱ ልጆች፦ ስለ ስብከቱ ሳይሆን ስለ ኑሮው

ሚሽን፣ ማለትም ቸርቻችን ለስብከት የሚልከን አገልግሎት፣ ሊሄዱ የተዘጋጁ ልጆች ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው ሁሌም አንድ አይነት ነው። ሰው በር ላይ ቢያባርርህ ምን ታደርጋለህ፣ ከባድ ጥቅስ ቢያመጡብህ እንዴት ትመልሳለህ፣ እንግሊዝኛዬ ይበቃል ወይ ምናምን። እኔ ደግሞ መልሼ ወጥ መስራት ትችላለህ ወይ፣ ሸሚዝህን ማነው የሚያጥብልህ፣ ስታኮርፍ ስንት ቀን ትቆያለህ ብዬ እጠይቃቸዋለሁ። ይስቃሉ፣ የምቀልድ ይመስላቸዋል። የምሬን ነው እኮ። በር ላይ የሚገጥምህ ሰው ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው ከዛ ትለያያላችሁ፣ ቤት ውስጥ አብሮህ የሚኖረው ልጅ ግን ስትነቃም እሱ ነው ስትተኛም እሱ ነው፣ ሚሽንህን የሚያጣፍጠውም የሚያመረውም እሱ ነው። ስለዚ እዚህ ስለ ትምህርቱ አልጽፍም፣ እሱን ቸርች ውስጥ በደንብ ይነግሯችኋል፣ እኔ የምጽፈው ስለ ኑሮው ነው።

ለማታውቁን በአጭሩ፣ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን አባል ነኝ፣ ሰው ሞርሞን የሚለን ማለት ነው። በ2018 የዛን ጊዜው ፕሬዝዳንታችን ረስል ኔልሰን በሙሉ ስማችን እንጠራ ብለው ነበር ሰፈር ውስጥ ግን አሁንም ሞርሞን ነን፣ አልተቀየመም ማንም። ወንድ ከ18 ዓመቱ ጀምሮ ለ2 ዓመት ይሄዳል፣ ሴቶች ለ18 ወር። ደሞዝ የለም፣ ቤተሰብ የቻለውን ያዋጣል፣ አቅም የሌለውን ቸርቹ ከአጠቃላይ የሚሽነሪ ፈንድ ይደጉመዋል፣ እኔም በድጎማው ነው የሄድኩት፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም ከአፍሪካ የሚሄደው አብዛኛው ልጅ እንደዛ ነው። የት እንደምትመደብ አንተ አትመርጥም፣ ምደባው የቸርቹ ዋና ጽህፈት ቤት ካለበት ከሶልት ሌክ ሲቲ ይመጣል፣ ከፍተህ ታነበዋለህ በቃ። የኔ ኡጋንዳ ካምፓላ ሆነ። ከ2020 በፊት እኮ ኢትዮጵያ ራሷ በካምፓላ ሚሽን ስር ነበረች፣ አሁን አዲስ አበባ የራሷ ሚሽን አላት፣ ስለዚ የቆዩት አባሎች ካምፓላ ሲባል ጎረቤት የተባለ ያህል ነው የሚቆጥሩት።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ የብራንች ፕሬዝዳንታችሁ (የአጥቢያችሁ መሪ) ያስረዳችኋል። አንድ ነገር ብቻ፣ ከህክምና ምርመራው ጋር የጥርስ ምርመራም አለ፣ እሱን እንደቀላል እንዳታዩት። እኛ ጥርስ ሀኪም ጋ የምንሄደው ፊታችን ሲያብጥ ነው፣ እዛ ሄደህ ጥርስ ቢይዝህ ግን ኮምፓኒየንህም፣ አብሮህ የሚመደበው ሚሽነሪ ማለት ነው፣ ስራ ፈትቶ አብሮህ ክሊኒክ ይውላል። የተበላ ጥርስ ካለህ እዚሁ ጨርሰህ ሂድ። ማሰልጠኛው ለኔ አክራ ጋና ነበር፣ ጥቂት ሳምንት ነው፣ ምግብ ተሰርቶ ይቀርብልሃል፣ ካንተ የሚጠበቀው መማር ብቻ ነው፣ ስለዚ ሚሽን እንደዛ እንዳይመስልህ።

ፕሮግራሙ እንዲህ ነው። ጠዋት 12፡30 ትነሳለህ፣ ግማሽ ሰዓት ስፖርት፣ ከዛ መታጠብ ቁርስ፣ ከ2 ሰዓት ጀምሮ ለየብቻ ጥናት፣ 3 ሰዓት ላይ ከኮምፓኒየንህ ጋር ጥናት፣ ወደ 4 ሰዓት ከቤት ትወጣለህ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ትገባለህ፣ የነገውን ታቅዳለህ፣ 4፡30 መብራት ይጠፋል። እንደየሚሽኑ ትንሽ ከፍ ዝቅ ይላል እንጂ ዋናው ይሄ ነው። ከ4 ሰዓት እስከ ማታ ያለው ቀን ደግሞ በአብዛኛው እግር ነው። ካምፓላ ኮረብታ ላይ የተሰራ ከተማ ነው፣ አዲስ አበባ ልጅ ነኝ ዳገት ለምጃለሁ ብለህ እንዳትኩራራ፣ እኛ ጋ ዳገቱ ብርድ አለው፣ እዛ በነጭ ሸሚዝና በክራባት፣ በሙቀት፣ ቀዩን አቧራ እየቃምክ ነው። ሩቅ ሲሆን ታክሲ ነው፣ እነሱ ታክሲ የሚሉት የኛኑ ሚኒባስ ነው፣ ወያላውም ያው ነው ጩኸቱም ያው ነው። የሚለየው መኪና በግራ በኩል ነው የሚሄደው። መንገድ ስትሻገር መጀመሪያ ወደ ቀኝ እይ፣ ይሄን የምሬን ነው የምላችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ኮምፓኒየንህ ሸሚዝህን ይዞ ካልጎተተህ የሚገጭህ መኪና አታጣም። ምሳ ብዙ ጊዜ መንገድ ዳር ሮሌክስ ነው፣ እንቁላል በቲማቲምና በጎመን ተጠብሶ ቻፓቲ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ርካሽ ነው ያጠግባል፣ አሁንም ያምረኛል።

አንድ ነገር ላይ እኛ አበሾች ዕድለኞች ነን። ሰዎቹ በሉጋንዳ ሲያወሩ ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው፣ ከጠዋት ጀምረው። ሳዋ ምዌንዳ ካለህ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ያንተው የኢትዮጵያ ዘጠኝ። በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ግን በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ስለዚ አሜሪካኖቹ ሚሽነሪዎች ይደናገራሉ፣ አንዷ አሮጊት በሉጋንዳ ቀጠሮ ትሰጣቸውና ማስታወሻቸው ላይ የጻፉት ሌላ ሰዓት ይሆናል። እኔ የቀጠሮ ሀላፊ ሆኜ ቀረሁ፣ ቋንቋውን ገና ሳልችል ሰዓቱን እችላለሁ።

አሁን ስለ በር። ሰው ያባርረኛል ብላችሁ የምትፈሩት ነገር ካምፓላ ላይ እምብዛም የለም። አብዛኛው ሰው ካቶሊክ ወይ አንግሊካን ነው፣ ባሎኮሌ የሚሏቸው የኛን ጴንጤ የመሰሉ አሉ፣ ሙስሊምም በደንብ አለ፣ እና የእግዚአብሔርን ነገር ይዞ የመጣን ሰው ማባረር ነውር ነው። እንኳን ደህና መጣችሁ ይሉሃል፣ በርጩማ ይወጣል፣ ልጅ ተልኮ ውሃ ይመጣል። መጀመሪያ ላይ የሚያስደነግጠው ሴቶቹ ናቸው፣ የባጋንዳ (የአካባቢው ብሔር) ሴት እንግዳ ስትቀበል ተንበርክካ ነው ሰላም የምትለው፣ እናትህን የምታክል ሴት ፊትህ ስትንበረከክ ሩጠህ ልታነሳት ትፈልጋለህ። እንዳታደርገው፣ ታሳፍራታለህ። ዝቅ ብለህ በሁለት እጅህ ሰላም በላት፣ የሰላምታውን ዝርዝር ጨርስ፣ ደህና አደራችሁ ቤቱ እንዴት ነው ልጆቹ እንዴት ናቸው፣ እኛም እንደዛ አይደል። አሜሪካኑ ኮምፓኒየንህ በሁለት ቃል ጨርሶ መጽሐፉን ሊያወጣ ይቸኩላል፣ ያዘው።

ችግሩ እምቢታው ሳይሆን እሺታው ነው። ሁሉም እሺ ይላል። እሁድ ትመጣለህ? እሺ። መጽሐፈ ሞርሞንን ታነባለህ? እሺ። ማክሰኞ እንምጣ? ኑ። እሁድ ወንበሩ ባዶ ነው፣ ማክሰኞ ቤቱ ዝግ ነው። ፈረንጆቹ ዋሹን ብለው ይሰበራሉ፣ አንዳንዱ ልጅ የምር አልቅሷል። አበሻ ግን ይሄን ማወቅ አለበት፣ እኛስ ፊት ለፊት እምቢ ብለን እናውቃለን? እሺታው አክብሮት ነው ቃል ኪዳን አይደለም። እኔ የምለየው በጥያቄ ነበር። የሚያከብርህ ብቻ ከሆነ አንተ የምትለውን ሁሉ እየነቀነቀ ይሰማሃል፣ የምር የፈለገ ሰው ደግሞ ያቋርጥሃል ይከራከርሃል፣ ልጄ ሞቶብኛል የት ነው ያለው ይልሃል። ያቋረጠህን ሰው ያዘው። ቁጥር ላይ አትሙቱ ደግሞ፣ በየሳምንቱ ስንት ሌሰን ስንት አዲስ ሰው ስንት ሰው ቸርች መጣ ብለህ ሪፖርት ታስገባለህ፣ ለስራው ያስፈልጋል አልቃወምም፣ ግን ቁጥሩ የራሳቸው ዋጋ የሚመስላቸው ልጆች አይቻለሁ፣ ማታ ማታ ፊታቸው ይጠቁራል። ሪፖርቱን በልኩ ሙሉትና ተኙ።

የሚከብዱ ጥያቄዎችም አሉ፣ ሁሉንም አልዘረዝርም አንዱን ግን ልንገራችሁ ምክንያቱም ጥቁር ሆናችሁ አፍሪካ ውስጥ ስታስተምሩ የግድ ይመጣል። ካምፓላ አጠገብ ሙኮኖ አካባቢ አንድ አስተማሪ ነበሩ፣ ጨዋ ሰው፣ በትህትና ጨርሰው ሰሙንና፣ ይሄ ጥቁሮችን ክህነት ሲከለክል የነበረው ቸርች አይደለም እንዴ አሉን። ነጩ ኮምፓኒየኔ ቲማቲም መሰለ። እውነት ነው፣ መካድ አይቻልም። በቸርቹ መስራች በጆሴፍ ስሚዝ ጊዜ እነ ኤላይጃ ኤብል የመሳሰሉ ጥቁር ሰዎች ክህነት ተቀብለው ነበር፣ ከዛ በ1852 ተተኪው ፕሬዝዳንት ብሪገም ያንግ ከለከሉ፣ ክልከላው እስከ ሰኔ 1978 ቆየ፣ ያኔ ነው በፕሬዝዳንት ስፔንሰር ኪምባል ጊዜ የተነሳው። ድሮ ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች፣ የቃየን እርግማን ምናምን የሚለውን፣ ቸርቹ ራሱ በ2013 ባወጣው ጽሁፍ አልቀበልም ብሏል። ስለዚ ቸርቹ የጣለውን ምክንያት አንተ አንስተህ አትከራከርበት፣ አዲስም አትፍጠርለት። ዓመቱን ከነስሙ ንገራቸውና እኔ ይሄን አውቄ ነው እዚህ የቆምኩት በላቸው። አስተማሪውን እንደዛው አልኳቸው፣ ዝም ብለው አዩኝና ሻይ ይምጣላችሁ አሉ። አልተጠመቁም። ግን እስክንዛወር ድረስ ቤታቸው ክፍት ነበር፣ ኳስም አብረን አይተናል (እሱ በሚሽን ህግ ይፈቀዳል ወይ እንዳትሉኝ)።

ሻይ ካነሳሁ አይቀር፣ ቡናና ሻይ አንጠጣም፣ አልኮልና ሲጋራም እንደዛው። ኡጋንዳ ውስጥ ፈተናው ሻይ ነው፣ በወተት ፈልቶ ዝንጅብል ገብቶበት ይመጣል፣ እምቢ ስትል ይከፋቸዋል። መፍትሄው ቀድሞ መናገር ነው፣ ውሃ ሳያፈሉ ገና ስትቀመጥ፣ ባዶ ወተት ወይ ሙቅ ውሃ ይሰጡሃል። ተቀድቶ ከመጣ በኋላ እምቢ ማለት ነው ነውሩ።

ለኛ ግን የከበደው የገዛ ወገናችን ቤት ነው። ካምፓላ ውስጥ ካባላጋላ የሚባል ሰፈር አለ፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤት ሞልቷል፣ ከመንገድ ላይ ሆነህ የበርበሬ ሽታ ይመጣል። አንድ ፒ-ዴይ፣ ፒ-ዴይ ማለት ሰኞ ነው ልብስ የምታጥብበት ገበያ የምትሄድበት ቀን፣ አስፈቅደን ሄድን። ባለቤቷ አማርኛዬን ስትሰማ ውይ የኔ ልጅ ግባ ግባ፣ ይሄ ፈረንጅ ጓደኛህ ነው፣ እሱም ይግባ። በያይነት መጣ፣ ጎረሰ ልጁ፣ እያለቀሰ ጎረሰ በሚጥሚጣው። ከዛ ቡና መቁላት ጀመረች። እትዬ እኔ ቡና አልጠጣም አልኳት። እጇ ማንከሽከሻው ላይ ቀረ።

"ጨጓራ ነው?"
"አይ፣ በሃይማኖቴ ነው።"
"ምን አይነት ሃይማኖት ነው አበሻን ቡና የሚከለክል! እናትህ ታውቃለች?"
"ታውቃለች እትዬ።"
"ምን አለች?"
"እንዳንቺው ነው ያለችው።"

ሳቀች። ፈንዲሻውን ወደኛ ገፋችው፣ ጀበናውንም አልመለሰችውም ለራሷና ለልጆቿ አፈላች፣ እኛም እስከ በረካው ተቀመጥን። ምክሬ እሱ ነው፣ ስኒው ይለፍህ እንጂ ከቡናው ላይ አትነሳ፣ ጭሱም ወሬውም አልተከለከለም። እዛ ተቀምጬ ስንት ነገር ሰማሁ መሰላችሁ፣ ስለ ካምፑ፣ ስለ ወረቀት፣ ካናዳ ስለሄደችው እህቷ። በመጨረሻ የእናቴን ስልክ ተቀበለችኝና ያን ቀን ማታ ደውላላት ልጅሽ ደህና ነው አልከሳም ብላታለች። እማዬ ኦርቶዶክስ ናት፣ ልጄን ወሰዱብኝ እያለች ነበር የሸኘችኝ፣ ከሚሽን ፕሬዝዳንቱ ደብዳቤ ይልቅ ያቺ ስልክ ናት ያረጋጋቻት።

ወደ ዋናው ልምጣ፣ ኮምፓኒየን። ህጉ ግልጽ ነው፣ ሁለታችሁ ሁሌ በሚታይና በሚሰማ ርቀት መሆን አለባችሁ፣ ከሽንት ቤትና ከሻወር በስተቀር። ማን እንደሚሆን አትመርጥም፣ ትራንስፈር በየ6 ሳምንቱ ይመጣል፣ ያኔ ወይ ትቀየራለህ ወይ ትቆያለህ። አሁን የኛን ጠባይ አስቡት። አበሻ ሲከፋው ምን ያደርጋል? ያኮርፋል። አኩርፎ ወደ ጓዳ ይገባል፣ ወይ ወደ ጓደኛው ቤት ይሄዳል፣ ሰው መሃል ገብቶ እስኪያስታርቀው ይጠብቃል። እዛ ጓዳ የለም፣ ጓደኛ የለም፣ ሽማግሌ የለም። አኩርፈህ አብረኸው ትወጣለህ፣ አኩርፈህ አጠገቡ ታክሲ ላይ ትቀመጣለህ፣ አኩርፈህ ስለ ፍቅር ታስተምራለህ። ሰው ያውቅባችኋል ደግሞ፣ የቤቱ ባለቤት ዓይን ዓይናችሁን ያያል።

ትሬነሬ፣ ስራውን የሚያሳየኝ የመጀመሪያው ኮምፓኒየኔ፣ ከዩታ የመጣ የ19 ዓመት ልጅ ነበር። ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ሁሉን ነገር ፊት ለፊት ይናገራል፣ ትናንት ድስቱን አላጠብክም ይልሃል ገና ጫማህን ሳታስር። እኛ ጋ እንዲህ የሚልህ ሰው ሊጣላህ የፈለገ ነው። እሱ ግን ተናግሮ ጨረሰ፣ ወዲያው እያፏጨ እንቁላል ይሰብራል፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ድስቱን ይዤ እዞራለሁ በሆዴ። እሱ ደግሞ በበኩሉ የሚያስከፋው ነገር እኔ ጋ ምንም የማይመስል ነገር ነበር፣ ለምሳሌ ከሱ ሳህን ላይ መቁረስ። እኛ አብሮ ካልተበላ ምግብ አይመስለንም፣ እሱ የራሱን ሳህን፣ የራሱን የኦቾሎኒ ቅቤ፣ የራሱን ማንኪያ ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ ያኮረፈኝ መስሎኝ ስንቴ ተሰምቶኛል፣ አላኮረፈም፣ እየበላ ነው።

በሳምንት አንዴ ኮምፓኒየንሺፕ ኢንቬንቶሪ የሚባል ነገር አለ፣ ቁጭ ብላችሁ ምን ጥሩ ነበር ምን ከበደህ እየተባባላችሁ የምታወሩበት። ብዙ ልጅ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ በሁለት ደቂቃ ይዘጋዋል። እንዳትዘጉት! ከሁሉም የሚሽን ህግ የጠቀመኝ እሱ ነው። ሰው ፊት ላይ ቅር ብሎኛል ማለትን የተማርኩት እዛ ነው፣ አሁን መስሪያ ቤትም ይጠቅመኛል። የሚሰራው አባባል ምን መሰላችሁ፣ ጠባዩን ሳይሆን ነገሩን ብቻ መናገር፣ ቆሻሻ ነህ ሳይሆን ጠዋት ድስቱ ሳይታጠብ ሳየው ይደብረኛል። እንደዛ ስትለው ፈረንጁም ኬንያዊውም ይሰማሃል። ኬንያዊ ስላልኩ፣ ሁለተኛው ኮምፓኒየኔ ኬንያዊ ነበር፣ እሱ ደግሞ እንደኔው ዝምተኛ፣ ሁለት ኩርፊያ አንድ ቤት ውስጥ ማለት ነው፣ ከሱ ጋር ሆኜ አሜሪካኑን ናፍቄዋለሁ። ከሁሉም የተስማማኝ የጋናው ልጅ ነው፣ በርበሬ የሚችል፣ ድስት ሙሉ ሩዝ ሰርቶ መሃል ላይ የሚያስቀምጥ። ግን ተራህን መስራት አለብህ፣ ሽሮ እንኳን አልችልም ያለ የሰፈራችን ልጅ ሌላ ዞን (የሚሽኑ ሌላ ክፍል) ነበር፣ ኮምፓኒየኑ ወር ሙሉ ብቻውን ሲያበስልለት ከርሞ በመጨረሻ ቻፓቲና ሻይ ቅጠል የሌለበት ሻይ እየበሉ ይኖሩ ነበር። ሄዳችሁ ከምትማሩ እዚሁ እህቶቻችሁን ምስር እንዴት እንደሚሰራ ጠይቁ።

ልብስ። ነጭ ሸሚዝና የካምፓላ አቧራ አይዋደዱም፣ ኮሌታው በሁለት ቀን ቡኒ ይሆናል። ማጠቢያ ማሽን አትጠብቁ፣ ሳፋ ነው። ማታ ስትገባ ኮሌታውንና የእጅጌውን ጫፍ ብቻ አርጥበህ ደረቅ ሳሙና ቀብተህ ተወው፣ ጠዋት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገው፣ ከዛ ሰኞ ከሌላው ጋር እጠበው። ሳትቀባ ለሰኞ ካቆየኸው አይለቅም፣ በረኪና ብታበዛ ደግሞ ጨርቁ ያልቅልሃል ቢጫም ይሆናል። መብራት ሲኖር ሁሉንም ተኩሰህ ስቀል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። ውሃም እንደዛው ነው፣ ጄሪካኑ ባዶ ሆኖ እንዳይገኝ።

ጤና ላይ አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ይሞኛል። እኛ ወባ አናውቅም፣ ካምፓላ ግን ከባህር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ ወባ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ። አጎበሩን ጥግ ጥጉን ፍራሹ ስር ክተተው፣ የሚሰጥህን መድሃኒት አትዝለል። ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ሲልህ ጉንፋን ነው ብለህ አትተኛበት፣ ያንኑ ቀን ተመርመር። ኮምፓኒየንህ ልውጣ ቢል እንኳን አንተ ደውል፣ ሚሽኑ ውስጥ የጤና ጉዳይ የሚከታተል ሰው አለ፣ ለዛ ነው የተቀመጠው። የአእምሮም ነገር ያው ነው። እንቅልፍ እምቢ ካለህ፣ ጠዋት መነሳት ካቃተህ፣ ዝም አትበል፣ የሚያናግርህ ባለሙያ ይፈልጉልሃል። ቀድሞ የተመለሰ ልጅ ካለ ደግሞ እናንተ ቤተሰቦች በእግዚአብሔር ለምን መጣህ አትበሉት፣ ሻንጣውን ተቀበሉትና ምሳ አብሉት።

ቤተሰብ መደወል ድሮ በዓመት ሁለቴ ነበር፣ ገናና የእናቶች ቀን። ከየካቲት 2019 ጀምሮ ግን በየሳምንቱ በፒ-ዴይ መደወል ተፈቅዷል፣ ቪዲዮም ጭምር። ጥሩ ነው ግን ወሰን አብጁለት። እማዬ የመጀመሪያውን አስር ደቂቃ ከሳህ አልከሳህም ላይ ነው የምትጨርሰው፣ ከዛ ስለ ሰፈር ሀዘን ሁሉ ትነግርሃለች፣ ስልኩን ስትዘጋ ልብህ እዛው ቀርቷል። እኔ ጠዋት ደውዬ ከጨረስኩ በኋላ ልብስ አጥባለሁ ኳስ እጫወታለሁ፣ ማታ ከሆነ ግን እንቅልፍ የለም። በዓል ደግሞ ለየት ይላል፣ ፈረንጆቹ ታህሳስ ላይ ሲያከብሩ አንተ አብረህ ትዘፍናለህ ግን አይሰማህም፣ ጃንዋሪ 7 ሲደርስ ደግሞ ሁሉም ስራ ላይ ነው አንተ ዶሮ ዶሮ ይሸትሃል። ለኮምፓኒየንህ አስቀድመህ ንገረው። የጋናው ልጅ የኛን ገና ስነግረው ገበያ ሄዶ ዶሮ ይዞ መጣ፣ በህይወቷ። ማረዱ ለኔ ደረሰ።

ሲያልቅስ? ቤት ስትገባ የስቴክ ወይ የዲስትሪክት ፕሬዝዳንቱ (የአካባቢው የቸርች መሪ) ያሰናብትሃል፣ የስም ታጉን ከደረትህ ታወልቃለህ፣ ከዛ ማንም 12፡30 ተነስ አይልህም። የመጀመሪያው ወር ትንሽ ግራ ያጋባል፣ ብቻህን ሱቅ ስትሄድ ዞር ዞር ትላለህ ሰው የጠፋብህ ይመስል። ዘመድ ሁሉ ስንት ሰው አጠመቅክ ይልሃል ወይ ደግሞ ስንት ብር ይዘህ መጣህ። ስራ ፍለጋው ላይ ሲቪያችሁ ላይ ሁለቱን ዓመት ባዶ አትተዉት፣ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ብላችሁ ጻፉት፣ እንግሊዝኛችሁ ተስተካክሏል፣ ሰው ማናገር ትችላላችሁ፣ ዞን ሊደር ከነበራችሁ ሰዎችን አስተባብራችኋል፣ እሱ ሁሉ የስራ ልምድ ነው። ኢንተርቪው ላይ ጠያቂው ስለ ሃይማኖት ክርክር ውስጥ ከገባ በጨዋታ ታልፈዋለህ፣ ተለማምደኸዋል።

ሻንጣውን ረስቼ፣ ወደ ካምፓላ የምትመደቡ ካላችሁ በርበሬና ሽሮ በደንብ ታሽጎ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ይግባ፣ የቢጫ ወባ ካርዱን ግን ከፓስፖርት ጋር በእጃችሁ ያዙት። ጃንጥላ ጠንካራ፣ ጫማ ሁለት፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ፣ ሲዘንብ ቀዩ ጭቃ የሚያንሸራትት ነው። ሱፍ ልብስ አንድ ይበቃል፣ ሙቀቱ ላይ ከዞን ኮንፈረንስ ውጪ አትለብሱትም።